ጅብ ያልበላው ብራና

አንድ ጊዜ፣ እንስሳት ላለመበላላት ሥዕል ይለዋወጡ በነበረበት ዘመን፣ ዳልቻ የምትባል አንዲት አህያ ነበረች። «እንስሳ ደግሞ ምን ሥዕል ያውቃል?» የምትሉ ካላችሁ ዝም ብላችሁ አድምጡ። ተረቱን የምነግረው እኔ ነኝ።

በዚያ አገር አንድ ሕግ ነበረ። ክረምቱ ወጥቶ መሬቱ ጠፈፍ ሲል፣ ሥጋ በሉም ሣር በሉም፣ ሁሉም በወንዙ ዳር ካለው ትልቅ ሾላ ሥር ይሰበሰባሉ። እያንዳንዱ በገዛ እጁ የሣላቸውን ትንንሽ ሥዕሎች ይዞ ይመጣል። እጅ የሌለው በጥፍሩ፣ ጥፍር የሌለው በአፉ፣ ብቻ ራሱ መሥራት አለበት። ሥዕሉ የሚሣለው ከወንዙ ማዶ ያለው ብራና ፋቂ እየከረከመ በሚጥለው ቅራጭ ብራና ላይ ነው። ይህቺን በሥዕል ያማረች ቅራጭ እነሱ «ብጫቂ» ይሏታል። ብጫቂ አትሸጥም፣ አትገዛም። የአንዱን ትወስዳለህ፣ የራስህን ትሰጣለህ፣ አለቀ።

ታዲያ ነገሩ የልጅ ጨዋታ እንዳይመስላችሁ። ብጫቂ የተለዋወጡ ሁለት እንስሳት ውል ገቡ ማለት ነው። ብጫቂዎቹ እስካሉ ድረስ እነሱም ልጆቻቸውም አይነካኩም፤ ነብር እንኳ ፍየልን አይቶ እንዳላየ ያልፋል። ከሁለቱ አንዷ ብጫቂ ከጠፋች ግን ውሉም አብሮ ጠፋ። ዳኛው አያ አንበሶ ነው። እሱ ደግሞ ምስክር አይሰማም፣ ለቅሶም አይሰማም፤ «ብጫቂዎቹን አሳዩኝ» ብቻ ነው የሚለው።

እንግዲህ ጃርት በእሾኋ ጫፍ ፀጉር የምታህል መሥመር ትሥላለች። ጦጣ አምስት ጣቷን ቀይ አፈር ውስጥ እየነከረች ጀምበር ታወጣለች። ፍየል ብቻ «እኔ ብራና ላይ አልሥልም» ብላ በኮባ ቅጠል ላይ ትሥላለች፤ ምክንያቱን አትጠይቁኝ፣ ብራና ከምን እንደሚሠራ ታውቃላችሁ።

የብጫቂ ልክ ከአህያ ኮቴ እንዳይበልጥ ተደንግጎ ስለነበር፣ በየዓመቱ እመት ዳልቻን ይጠሯትና «እስኪ እርገጪልን» ይሏታል። ትረግጥላቸዋለች። በኮቴዋ ዙሪያ ልክ እያበጁ ይቆርጣሉ። ከዚያ «በይ እመት ዳልቻ፣ እግዜር ይስጥልን» ብለው ያሰናብቷታል። አህያ ራሷ ሥዕል ትሥላለች ብሎ ያሰበ አንድም አልነበረም። እውነቱን ለመናገር እሷም አላሰበችም። ኮቴዋን ጭቃ ነክራ ብራናው ላይ ታትማለች፣ ያው እሷው ናት፣ ማን ይጠይቃታል?

አሁን ወደ አያ ጅቦ እንምጣ። አያ ጅቦ በሥዕል ፍቅር የሚታማ አልነበረም። ሆኖም ከሁሉ ቀድሞ ሾላው ሥር የሚገኘው እሱ ነው፤ ከሁሉ የበዛ ብጫቂ ይዞ የሚመጣውም እሱ ነው። መዳፉን ጭቃ ውስጥ ይነክርና ጧ፣ ጧ፣ ጧ እያደረገ አንድ ክምር ያትማል። ለምን? ብራና ቆዳ ነዋ! «ጅብ በማያውቁት አገር ሄዶ ቁርበት አንጥፉልኝ አለ» ሲባል አልሰማችሁም? እዚህ አገር ደግሞ ጉዱ የባሰ ነው፤ እያወቁት ያነጥፉለታል። አንድ ክምር የጭቃ መዳፍ ሰጥቶ አንድ ክምር ቅራጭ ቆዳ ይቀበላል። ወንዙን ሳይሻገር ያን ሁሉ የተለፋበትን ጀምበርና አበባ ቀርጥፎ ይጨርሰዋል። ከዚያ በኋላ ከማንም ጋር ውል የለውም፣ ማንንም ይበላል።

ባለፈው ዓመት እመት ዳልቻም የኮቴዋን ማኅተም ሰጥታ የጭቃ መዳፉን ተቀብላ ነበር። ደጃፏ ላይ ሰቅላው እፎይ ብላ ከረመች። በጋ ገባ፣ ወንዙ ደረቀ፣ ውኃ የቀረው በገደሉ ሥር ባለችው ኩሬ ብቻ ሆነ። የበኩር ልጇ ውኃ ሊጠጣ እንደወረደ እዚያው ቀረ።

እያለቀሰች አያ አንበሶ ዘንድ ሄደች። «ጌታዬ፣ ውል ነበረን! ይኸው መዳፉ!»

አያ አንበሶ የጭቃውን መዳፍ ገለበጥ አድርጎ አየና ወደ አያ ጅቦ ዞረ። «የእሷስ የት አለ?»

አያ ጅቦ በምላሱ ጥርሱን ፈለግ ፈለግ አደረገ። «እዚህ አካባቢ ነበረች» አለ።

የተሰበሰበው ሁሉ በሳቅ ፈነዳ። እመት ዳልቻ ልጇን ካጣችበት ቀን ይልቅ ያ ሳቅ አንጀቷን ቆረጠው።

«ብጫቂ ከሌለ ውል የለም» አለ አያ አንበሶ፤ ተነስቶም ሄደ።

«ባሏስ?» ትሉኝ ይሆናል። ባሏ በዚያን ቀን ከኮረብታው ጀርባ ሣር ይግጥ ነበር። «የአህያ ባል ከጅብ አያስጥልም» የሚባለው እሱን አይተው ነው ይላሉ፤ እኔ በቤተሰብ ጉዳይ አልገባም።

ዘንድሮ እመት ዳልቻ ሌላ ውርንጭላ ወለደች። ጆሮው ከአካሉ የሚበልጥ፣ ዝላዩ ማባሪያ የሌለው ልጅ። በጋው እንደሁ መምጣቱ አይቀርም። ኩሬዋ ያቺው ናት፤ መንገዱም ያው በአያ ጅቦ ዋሻ ደጃፍ የሚያልፈው ነው። ሌላ ውኃ የለም። ልጇን እየላሰች፣ «አንተንስ አልሰጠውም» አለች። «ሞቼ እገኛለሁ እንጂ አልሰጠውም። ዘንድሮ ጅብ የማይበላው ብጫቂ እሠራለሁ።»

ወሬው እመት ቀበሮ ጆሮ ደረሰ። እመት ቀበሮ የምትኖረው ከአያ ጅቦ በተረፈ ነው፤ እሱ ትልቁን ይበላል፣ እሷ አጥንቱን ትግጣለች። ጅብ ከአህያ ጋር ውል ከያዘ የእሷ ጉሮሮ እንደሚደርቅ ለመረዳት ጊዜ አልወሰደባትም። ጅራቷን እያወዛወዘች መጣች።

«እመት ዳልቻ፣ እንዴት ነሽ? የማይበላ ብጫቂ ልትሠሪ ነው አሉ። እኔ እኮ አዝኜልሽ ነው የመጣሁት። እሬት ቀቢዋ። አንዴ ከቀመሳት ወዲያ አይነካትም።»

እመት ዳልቻ አሰበች። አህያ የምታስበው ቀስ ብላ ነው፤ ካሰበች ግን አሰበች ነው። «ከመረረችው ይተፋታል» አለች። «ከተፋት ጠፋች።»

«እንግዲያው ድንጋይ ላይ ሣያት።»

«ከከበደችው ይጥላታል። ከጣላት ጠፋች።»

«እሺ እኔ ልሣልልሽ! የእኔ እጅና የአንቺ ኮቴ አንድ ነው እንዴ?»

«በሌላ እጅ የተሠራች ብጫቂ ውል አትሆንም። አንቺም ታውቂዋለሽ።»

እመት ቀበሮ ሳቀች። «ታዲያ ምን ልትሆኚ ነው የእኔ እመቤት?»

«ይዟት ሊኖር የሚፈልጋትን እሠራለሁ» አለች እመት ዳልቻ። «ቢርበው እንኳ የማይጨክንባትን።»

«ወይ አንቺ! ጅብ ቁርበት ሲያይ ሥዕሉ መቼ ይታየዋል?» ብላ እመት ቀበሮ እየሳቀች ሄደች።

መሳቋስ እውነቷን ነበር። እመት ዳልቻም ምን እንደምትሥል ገና አላወቀችም። ማሰቡ አድክሟት ሣር ላይ ጋደም ባለችበት ልጇ ሊጠባ መጣ። ርቦታል፣ እያጉረመረመ ነው የመጣው። ግን አጠገቧ ዝናብ የተወው ትንሽ ውኃ ነበረና ዝቅ ሲል ፊቱን በውኃው ውስጥ አየ። ቀጥ ብሎ ቆመ። አንዱን ጆሮ አነቃነቀ። ሌላውን አነቃነቀ። አንገቱን አዘመመ። ጡቱንም ረሃቡንም ረስቶ ራሱን እያየ ፀሐይ ዘቀዘቀች።

«በቃ!» ብላ እመት ዳልቻ ብድግ አለች። «አያ ጅቦን ራሱን እሥለዋለሁ!»

እስከዚያን ቀን ድረስ ሁሉም የሚሥለው ራሱን ወይም ያማረውን ነበር። አያ ጅቦን ማንም ሥሎት አያውቅም። ማን ቆሞ አይቶት? እመት ዳልቻ ዓይኗን ጨፍና መልኩን ልታስታውስ ሞከረች፤ የመጣላት ጥርስና ሽታ ብቻ ነው። ከአያት ከቅድመ አያት ጀምሮ አህያ ጅብን ያየችው ዘወር ብላ፣ እየጋለበች ነው። ጥርስ ብቻ ሥላ ብትሰጠው ደግሞ ማን መሆኑን በምን ያውቃል? ስለዚህ ሄዳ ማየት አለባት።

ሄደች። ከዋሻው በላይ አንድ ገባ ያለ ድንጋይ አለ፤ ነፋሱ ከእሱ ወደ እሷ በሚነፍስበት ሰዓት፣ በጠራራ ፀሐይ፣ ከድንጋዩ ጀርባ ቆመች። አያ ጅቦ በደጃፉ ተጋድሞ ያንኮራፋል። ሽታው ሲደርሳት እግሮቿ ሳያማክሯት ይዘዋት ሸሹ። ወንዙ ዳር ስትደርስ ነው የቆሙላት።

«እናንተ እግሮች፣ አሁን ማን ጠራችሁ?» ብላ ተቆጣቻቸው። በማግስቱ ተመልሳ ሄደች። ትንሽ ቆየችና ሸሸች። ደግሞ ሄደች፣ ደግሞ ሸሸች። ሽሽቱ አልቀረላትም፤ ቆይታዋ ግን በየቀኑ እየረዘመ መጣ። ፍርሃቷ ቀነሰ እንዳትሉ፤ አልቀነሰም። እሷ ናት ከእሱ ጋር መቆም የለመደችው።

እንዲህ እንዲህ እያለች አያ ጅቦን አየችው። የግራ ጆሮው እሾህ እንደያዘው ነጠላ ተቀዷል። ጀርባው ከፊት ከፍ ከኋላ ዝቅ ያለ ነው፤ ሲቀመጥ ሊነሳ ይመስላል፣ ሲነሳ ሊቀመጥ። ሲተኛ ምላሱ ጫፏ ብቻ በጥርሱ መሃል ትወጣለች። አንዲት ዝንብ ደግሞ አፍንጫው ላይ እያረፈች አላስተኛው አለች። አያ ጅቦ ዝንቧን ብሎ የገዛ አፍንጫውን በመዳፉ ጠፈጠፈና ደንግጦ ተነሳ፤ «ማነው የመታኝ?» ብሎ ግራ ቀኙን ቃኘ። ማንም የለም። ተመልሶ ተኛ። እመት ዳልቻ ሳቋ ሊያመልጣት ሲል አፏን በሣር ሞላችው። የአህያ ሳቅ ምን ያህል እንደሚሰማ ታውቃላችሁ፤ ያን ቀን ብትስቅ ኖሮ ይህ ተረት እዚህ ላይ ባበቃ ነበር።

ማየቱ አለቀ፣ መሣሉ ቀረ። የወይራ ቀንበጥ ጫፉን አኝካ እንደ መፋቂያ አለሰለሰችው፤ በጥርሷ ነክሳ ያዘችው። ጥላሸት በግራር ሙጫ በጠበጠች። ሣለች። የመጀመሪያው በሬ መሰለ። ሌላው ኩይሳ መሰለ። አንዱ ባሏን መሰለ፤ ባሏም አይቶት ተቀየማት፣ አኮረፋት፣ አልሰማችውም። ቅራጩ ብራና ሲያልቅባት ከወንዙ ማዶ እየሄደች ለቀመች። ቀንበጡ ሲያልቅ ሌላ አኘከች። ከንፈሯ ቆሰለ፣ አንገቷ ደረቀ። «ተይው፣ አህያ ምን ሥዕል ያውቅላታል?» ሲሏት፣ «አላውቅም» ትላለች፤ ቀንበጧን ነክሳ ትቀጥላለች።

እመት ቀበሮ ግን አልተኛችም። አንድ ቀን ተከትላ ከዛፍ ሥር ሆና የሚሣለውን አየችና ሳቋ ጠፋ። ሥዕሉ አያ ጅቦን መምሰል ጀምሯል! እየሮጠች ወደ ዋሻው ሄደች።

«አያ ጅቦ! ሰማህ ወይ? ያቺ አህያ አገር ሊያስቅብህ አንተን እየሣለች ነው። ጆሮህን ቅድድ አድርጋ!»

አያ ጅቦ ጆሮውን ዳበሰ። «ጆሮዬማ ቅድድ ነው» አለ።

«እሱን ማን አየብህ! ማንም አላየብህም! አሁን አየህ፣ እኔ ደግሞ እንደ ክብርህ አድርጌ እሥልሃለሁ። ሁለቱን አስተያይተህ የእሷን ቀዳደህ ጣልልኝ።»

«ልጣላት? ልብላት እንጂ።»

«ብላት የእኔ ጌታ፣ ብላት!» አለች እመት ቀበሮ፤ ደስ ብሏት ተመለሰች።

የመለዋወጫው ቀን ደረሰ። ሾላው ሥር ቦታ ጠፋ። ጦጣ ጀምበሯን ከጃርት አበባ ጋር ለወጠች። ነብር የጥፍሩን ጭረት ለፍየል ሰጥቶ የኮባ ቅጠሏን በአክብሮት ተቀበለ። አያ አንበሶ ከፍ ካለው ሥር ላይ ተቀምጦ ያያል። አያ ጅቦ የጭቃ መዳፍ ክምሩን አስቀምጦ፣ ምራቁን እየዋጠ ይጠብቃል።

እመት ቀበሮ ተሽቀዳድማ ቀረበች። «አያ ጅቦ፣ ይኸው! ተመልከት ማን እንደሆነ!»

እውነትም ያማረች ብጫቂ ነበረች፤ ቀበሮ እጇ ሙያተኛ ነው። በወርቅማ አፈር የተቀባ፣ ደረቱን የነፋ፣ ጎፈሩ እስከ ጉልበቱ የወረደ ትልቅ አውሬ ሣለችለት።

አያ ጅቦ አየ፤ ዘቅዝቆም አየ። «ይሄ ማነው?» አለ።

«አንተ ነሃ!»

«እኔማ ጎፈር የለኝም።» ዓይኑን ጠበብ አድርጎ አሁንም አየ። «ይሄ አያ አንበሶ ነው። አያ አንበሶን ሥለሽ ለእኔ ትሰጪኛለሽ?»

አያ አንበሶ ከተቀመጠበት ተነሳ። «ጎፈሬን ማን ላይ ነው የሰቀላችሁት?»

አያ ጅቦ ክው አለ። ማስረጃውን ለማጥፋት የሚያውቀው ዘዴ አንድ ብቻ ነው፤ ብጫቂዋን አፉ ውስጥ ከተታት። «ምንም የለም ጌታዬ፤ ይኸው፣ ምንም የለም» አለ እያላመጠ። ሾላው ሥር ያለው ሁሉ እየተንከባለለ ሳቀ። እመት ቀበሮ ፊቷ ቢጠቁርም አልሄደችም። ጆሮ ቅድዱ ሥዕል ገና መምጣቱ ነው፤ የእሷም ተስፋ እሱ ነበር።

እመት ዳልቻ ወጣች። ብጫቂዋን በጥርሷ ይዛለች፤ ለማስጨበጥ አፍንጫዋ የጅብ አፍንጫ እስኪነካ መቅረብ ነበረባት። ልጇ ከኋላዋ ጅራቷን ነክሶ ይከተላል። ጉልበቷ ሲንቀጠቀጥ ሁሉም አየው። ልብ በሉ፣ እሷም መንቀጥቀጧን ታውቃለች፤ ግን እየተንቀጠቀጠች ሄደች። ሳቁ ቀስ በቀስ ጸጥ አለ።

አያ ጅቦ ለመብላት አፉን ከፍቶ ዝቅ አለ። በዚያው ቀረ።

ብጫቂዋ ላይ ጆሮው የተቀደደ፣ ጀርባው ወደ ኋላ ያዘቀዘቀ፣ የምላሱ ጫፍ ብቅ ያለች አንድ ጅብ ተጋድሟል። አፍንጫው ላይ ዝንብ አለች። አያ ጅቦ ሳያስበው መዳፉን አንስቶ የገዛ አፍንጫውን ጠፈጠፈ።

«ይቺን ዝንብ አውቃታለሁ!» ብሎ ጮኸ። ከዚያ ድምፁ ዝቅ አለ። «ይሄ... እኔ ነኝ እንዴ?»

«አንተ ነህ» አለች እመት ዳልቻ።

«ጆሮዬ እንዲህ ናት?»

«እንዲህ ናት።»

«ሰደበችህ እኮ!» ብላ እመት ቀበሮ ዘላ ገባች። «አላልኩህም? ብላት!»

አያ ጅቦ አልሰማትም። «የት ቆመሽ አየሽኝ?»

«ከዋሻህ በላይ ካለው ድንጋይ ጀርባ። ተኝተህ።»

«እና አልሸሸሽም?»

«ሸሽቻለሁ» አለች እመት ዳልቻ። «ግን እመለስ ነበር።»

አያ ጅቦ ሥዕሏን ደግሞ አየ፤ የተቀደደ ጆሮውንም ዳበሰ። «እኔን አይቶ የተመለሰ የለም» አለ በመጨረሻ። ከዚያ ማንም ያላሰበውን አደረገ። የታተመውን ክምር ገፋ አድርጎ አዲስ ብራና ፈለገ፤ መዳፉን በቀስታ ነከረ፤ ጣቶቹ እንዳይዘበራረቁ ትንፋሹን ይዞ አተመላት። እመት ዳልቻ ተቀበለች። እስከ ዛሬ ሾላው ሥር እንደዚያ የጠራ የጅብ መዳፍ አልታየም።

ግን ተረቱ እዚህ ያለቀ እንዳይመስላችሁ። ጅብ ጠግቦ የሚያደርገውን ማን አየበት? ፈተናው ሲርበው ነው።

በጋው መጣ፣ እንደዚያ ዓመት ያለ በጋም አልታየ። ወንዙ ስንጥቅጥቅ አለ። ሣር ጠፋ፣ ሣር የሚበላው ከሳ፣ ሣር በሉን የሚበላው የባሰ ከሳ። የአያ ጅቦ የጎን አጥንት ከሩቅ ይቆጠር ነበር። እመት ቀበሮም ከጎኑ ተጋድማ ቀን ቀን ትነዘንዘዋለች።

አንድ ረፋድ ላይ እመት ዳልቻ ልጇን ይዛ ወደ ኩሬዋ ወረደች። መውረድ ግድ ነበር፤ ልጇ ምላሱ ደርቋል። ከዋሻው ደጃፍ ስትደርስ አያ ጅቦ መንገዱ ላይ ቆሟል። ልጇን ከኋላዋ አደረገች። የጠራው መዳፍ አንገቷ ላይ ታስሮ ነበር፤ ግን የእሷ ብጫቂ ይኑር አይኑር አታውቅም። ከሌለች ሁለቱም አበቃላቸው።

«አያ ጅቦ» አለች፣ «ብጫቂዬ አለች?»

አያ ጅቦ ወደ ዋሻው ገባና ከአንድ ጠፍጣፋ ድንጋይ ሥር ብጫቂዋን አውጥቶ መጣ። አለች! እመት ዳልቻ ትንፋሿ ተመለሰ።

«እንግዲህ ምን ትጠብቃለህ?» አለች እመት ቀበሮ። «አሁኑኑ ዋጣት! ብጫቂዋ ከጠፋች ማን ውል አለ ይልሃል? እናትና ልጅ ደጃፍህ ድረስ መጥተውልሃል እኮ!»

አያ ጅቦ ውርንጭላውን አየ። ምራቁ ወረደ። ብጫቂዋን አፉ ውስጥ ከተተና ጥርሱን ገጠመ።

እመት ዳልቻ መሸሽ ትችል ነበር። እግሮቿም «እንሂድ» አሏት። አልሄደችም። አንድ እርምጃ ወደፊት ቀረበች።

«ዋጣት እንግዲህ» አለች። ድምፅዋ ሰልሏል፣ ግን ቃሏ አልተሰበረም። «ከዋጥካት በኋላ ግን ሌላ የለህም። አሁን ያለኸው እዚያች ላይ ነው። እኔ ከሞትኩ ደግሞ ማን ቆሞ ያይሃል? ቀበሮ? እሷ እንኳ የሣለችው ያንተን መልክ አይደለም!»

አያ ጅቦ መንጋጋው ቆመ። ነገር ሲገባው ቀስ ብሎ ነው፤ ግንባሩ ተጨማዶ፣ ዓይኑ ፈጦ ቆየ። ከዚያ ብጫቂዋን በምላሱ ገፋ አድርጎ አወጣት፤ መሬት ላይ አኖራት፤ ምራቁን በጥንቃቄ ጠረገላት።

«ጆሮዬ ደህና ናት?» አለ ተጨንቆ።

እመት ዳልቻ ጎንበስ ብላ አየች። «ደህና ናት። ዝንቧ ትንሽ ደብዝዛለች።»

«ዝንቧስ ግድ የለም» አለና እፎይ አለ አያ ጅቦ። ድንጋዩ ሥር መልሶ አስቀመጣት። ሆዱ ግን እንደ ነጎድጓድ ጮኸ፤ ረሃብ በሥዕል አይጠፋማ። ፊቱን ወደ እመት ቀበሮ አዞረ። «ቆይ እስኪ፣ እኔና አንቺስ ምን ውል አለን?»

«እኔና አንተማ የቆየን ወዳጆች ነን» አለች እመት ቀበሮ ወደኋላ እየተሳበች። «ብጫቂዬን ሰጥቼህ የለ?»

«እሷንማ በልቻታለሁ» አለ አያ ጅቦ።

እመት ቀበሮ ቀጣዩን ቃል ለመስማት አልቆመችም። አቧራዋ ገደሉን ዘልቆ ኮረብታው ላይ ታየ፤ አያ ጅቦም ከኋላዋ። ደረሰባት አልደረሰባትም አላውቅም፤ በዚያ አገር ግን ደግማ አልታየችም።

ውርንጭላው ኩሬዋ ድረስ ሮጦ እስኪጠግብ ጠጣ። እመት ዳልቻም ያን ጊዜ ከኩሬዋ ዳር ተንበረከከች፤ የምትንቀጠቀጠውን ያህል ተንቀጠቀጠች፣ የምታለቅሰውን ያህል ለበኩር ልጇ አለቀሰች፤ ከዚያ ተነስታ ውኃዋን ጠጣች፣ ልጇንም አስከትላ በዚያው በዋሻው ደጃፍ፣ በመጣችበት መንገድ፣ ሳትሮጥ ወደ ቤቷ ወጣች።

ከዚህ የምንማረው፣ ከሚያስፈራን ነገር የሚያድነን ሽሽትም ሽንገላም ሳይሆን፣ እየተንቀጠቀጥንም ቢሆን ተመልሶ መቆምና እንዳለ አድርጎ ማየት መሆኑን ነው።